ሦስተኛው ሽኝት

መጀመሪያ የሸኙኝ ለት፣ ብሎኩ ሁሉ ወጣ ደጅ፤
ሻንጣዬን ከአራተኛ ፎቅ አወረደው የጎረቤት ልጅ።
አቶ ወንድይራድ፣ የዕድሩ ሰብሳቢ፣ ጭንብላቸውን ዝቅ አድርገው
መረቁኝ፤ መልሰው አጠለቁት፣ ፈራ ተባ ብለው።
ማስካት። የማቀዝቀዣ ጥገና። የሁለት ዓመት ውል።
ከቦሌ አራብሳ ሜዳ ላይ ማስካት ቅርብ ይመስላል፤
አውሮፕላኑ በጣሪያችን ላይ ሆዱን አሳይቶን ያልፋል።

ወረቀቴን አይታ ልጅቷ አንገቷን ነቀነቀችና፣
"መቶ ሃያ ሰዓት ድሮ ነው፤ ሰባ ሁለት ሆኗል" አለች፣ "ከትናንትና።"
ድሮ ማለት ትናንት መሆኑን እዚያው ቆሜ ተማርኩ፤
በሚኒባስ፣ በጎሮ ጭቃ፣ ሻንጣዬን አቅፌ ተመለስኩ።

በሁለተኛው ሽኝት ሰዉ ከግማሽ በታች ሆነ፤
ምርቃቱም አጠረ፣ ዕንባውም መነመነ።
ሰባ ሁለት ሰዓቱ አላለፈም፤
ግን ለይቶ ማቆያ አለ፣ ሰባት አዳር፣ ሆቴሉ በቅድሚያ ካልተከፈለ
መሳፈር እንደሌለ
የነገረኝ አልነበረም።
ትሁኔ ምንም አላለችም። ጆሮዋን ዳበሰች።
በማግስቱ ጉትቻው የለም፤ የሆቴሉን ደረሰኝ ይዛ መጣች።

ያቺ ቀጭን ጥጥ ግን! አፍንጫዬን ሦስቴ ጎበኘች፤
ከበስተኋላው ያለውን ሐሳብ ሁሉ ሳትነካው አልቀረች።
"ነጻ" ይላል ወረቀቱ። ሦስቴ ነጻ ወጣሁ፤
ነጻ ሰው እንዲህ ሲታሰር በራሴ አየሁ።

በሦስተኛው ሁሉም ተሟላ። ደረሰኙ፣ ውሉ፣ ማህተሙ።
ናሙና የሰጠሁት ከምሳ በኋላ ነበር፣ ስምንት ሰዓት ከሩብ፤
የክሊኒኳ ጸሐፊ እንደ አገሯ ሰዓት ጻፈችው።
የቦሌው ልጅ እንደ ፈረንጅ አነበበው፦ የጠዋት ስምንት።
ስድስት ሰዓት ከእጄ ወደቀ፣ ማንም ሳይሰርቀኝ፣ እዚያው መስኮት ፊት።
በእኔ ስልሳ ዘጠኝ ሰዓት፣ በእሱ ሰባ አምስት።
"እኛ ቀን የምንቆጥረው እኮ ፀሐይ ስትወጣ ነው" አልኩት።
"አውቃለሁ ወንድሜ፣ እኔም የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤
ሲስተሙ ነው የማያውቀው" አለኝ።

እስኪመሽ ድረስ ከመኪና ማቆሚያው ጥግ ተቀመጥኩ።
ከዚያ በጨለማ፣ ጎማው እንዳይጮህ ሻንጣዬን ተሸክሜ፣
እንደ ሌባ ወደ ገዛ ቤቴ ወጣሁ።
ሦስት ጊዜ የተሸኘ ሰው በየትኛው ዓይኑ ይመለሳል?

ትሁኔ ደረጃው ላይ "ደህና ገብቷል" ትላለች፣
"ለይተውታል፣ ሰው አያይም።" አልዋሸች።
እኔ መጋረጃ ዘግቼ በካልሲ እሄዳለሁ፤
ሳሌን በትራስ አፍናለሁ።
ማክሰኞ ሌሊት ውኃ ሲመጣ ጀሪካኑን ብቻዋን አመላለሰች፤
ደረጃውን ሲነካ እሰማለሁ፤ ታርፋለች፣ ደግሞ ታነሳለች።
ሰባ ሁለት ደረጃ ነው።
አምስት ዓመት ወጥቼ ወርጄው፣ ገና ያን ሌሊት ቆጠርኩት።

በአምስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ዘነቡ፣ የግድግዳ ጎረቤታችን፣
ሁለት ሎሚና አንድ ራስ ዝንጅብል ለትሁኔ ሰጧትና
ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ፣
"ለማስካቱ ሰውዬ ነው" አሉ። "ለካ ማስካት ቅርብ ናት፤
ሳሉ በግድግዳ ይሰማኛል።"

ሐሙስ ሌሊት ውኃ መጣ። ጭንብሌን አጥልቄ ወረድኩ።
ጀሪካኖቹ ተሰልፈዋል፣ በሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቀው።
"መቼ መጣህ?" ያለኝ የለም። "ለምን?" ያለኝም።
ከላያችን አውሮፕላን አለፈ፤ ቀና ያለ ሰው አልነበረም።
አቶ ወንድይራድ ባትሪያቸውን ወደ መሬት ዝቅ አድርገው
ባዶ ቦታ አሳዩኝ፦
"ከዘነቡ ቢጫ ጀሪካን ቀጥሎ ያንተ ነው። ይዘንልሃል።"